ክፍያው የገዛልን ጊዜ፦ በሴንት ጆን ዳርቻ የካታማራን ውሎ

በካሪቢያን ባሕር ላይ ካታማራን የተባለውን ባለ ሁለት አካል ጀልባ በግል ተከራይቶ አንድ ቀን መዋል ሲባል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። መጠየቁም አግባብ አለው፤ የሙሉ ቀን ኪራይ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሆኖ እንደ ጀልባው ስፋት፣ እንደ ወቅቱና እንደሚቀርበው ምግብ ከዚያም በብዙ ሊንር ይችላል፤ ወደዚያው ዳርቻ ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ለሚሄዱ መንገደኞች ግን በነፍስ ወከፍ የሚሸጥ እጅግ ርካሽ ቦታ አለ። ልጆቹ በሚያዝያ ገደማ ከትምህርት ቤት ባረፉበት ሳምንት ከቤተሰቤ ጋር በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ያሳለፍነውን ውሎ ሳስበው፣ ልዩነቱ ከምቾቱ ይልቅ በጊዜው ላይ መሆኑን እረዳለሁ። ከባሕር ርቆ በደጋ ያደገ ሰው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሊገባ ሲነሣ የሚያስፈልገው ማንም የማያጣድፈው ጊዜ ነውና።

ከብዙዎቹ የካሪቢያን ደሴቶች መካከል እነዚህን የመረጥነው ስለ ውበታቸው ብቻ አልነበረም። ሴንት ቶማስ፣ ሴንት ጆንና ሴንት ክሮይ እስከ 1917 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርክ ቅኝ ግዛት ነበሩ፤ በዚያ ዓመት አሜሪካ 25 ሚሊዮን ዶላር በወርቅ ከፍላ ገዛቻቸው። ይህ ሽያጭ ዛሬ በአሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ያተረፈልን ነገር አለ፦ ዜግነት ያለው ሰው ያለ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ካርዱን ይዞ መሄድ ይችላል። ነገር ግን ደሴቶቹ ከአሜሪካ የጉምሩክ ክልል ውጭ ስለሆኑ ወደ ዋናው አገር ሲመለሱ በሴንት ቶማስ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ አለ፤ ሰነዱን ሻንጣው ሥር ቀብሮ መሄድ አይገባም። ከሴንት ጆን ማዶ የሚታዩት ቶርቶላና ኖርማን ደሴት የብሪታንያ ግዛት ናቸው። ብዙ ጀልባዎች ወደዚያም ይሻገራሉ፤ ለዚያ ግን ፓስፖርትና የራሱ የመግቢያ ሥርዓት ያስፈልጋል። ከመካከላችን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ታላቅ እህቴ ስለነበረች ከአሜሪካው ወገን ላለመውጣት ከመነሻው ወሰንን፤ ከዋልንም በኋላ የጎደለን ነገር አልታየኝም።

ጀልባ ስንመርጥ ያጋጠመን አንድ ሕግ ለሐበሻ ቤተሰብ በተለይ መነገር ያለበት ይመስለኛል። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በመደበኛው ደንብ የአገልግሎት ምርመራ ያላለፈች አነስተኛ ጀልባ ከስድስት በላይ ተሳፋሪ በክፍያ እንድትጭን አይፈቅድም፤ ከዚያ በላይ ለሚሆን ሰው ተመርምራ ወይም የተለየ የደኅንነት መመዘኛ አሟልታ የተፈቀደላት ጀልባ መፈለግ ግድ ነው። በግል ከሚከራዩት ካታማራኖች ብዙዎቹ የስድስት ሰው ናቸው። «አንድ ሰው ቢጨመር ምን ይለዋል? ተጠጋግተን እንቀመጣለን» የሚለው የእኛ ደግነት እዚህ ቦታ የለውም፤ ጡት የሚጠባ ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። እኛ ስድስት ነበርን፤ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ እኔ፣ እህቴና የእህቴ ባል። አብረን እንሂድ ያለን አንድ ወዳጃችን በዚሁ ምክንያት ቀርቶብናል፤ ቅያሜውም ገና ሙሉ በሙሉ አልበረደም።

ካታማራን ሁለት ቀጫጭን የጀልባ አካላት ጎን ለጎን በሰፊ ወለል ተያይዘው የሚሠሩበት መርከብ ነው። ባለ አንድ አካል የሆነችው ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲመታት ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች፤ ካታማራን ግን በስፋቱ ምክንያት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆም አይገለበጥም። የሚገባበት ጥልቀትም ትንሽ በመሆኑ ወደ ዳርቻው ቀረብ ብሎ መቆም ይችላል፤ ውሃ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከፊት ለፊት በሁለቱ አካላት መካከል ጠንካራ መረብ ተወጥሮ ይገኛል። ልጆቼ ቀኑን ሙሉ የሚበዛውን ሰዓት እዚያ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ከሥራቸው የሚያልፈውን ውሃ እያዩ፣ አረፋው ፊታቸውን በረጨው ቁጥር እየጮኹ ነው የዋሉት።

በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሴንት ቶማስ ምሥራቃዊ ጫፍ ካለችው ሬድ ሁክ ወደብ ተነሣን። ካፒቴናችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው አጭር ሰው ነበሩ፤ አንድ ወጣት ረዳት አብሯቸው ነበር። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የሕይወት አድን ጃኬቶቹ የት እንዳሉ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምን መደረግ እንዳለበትና በባዶ እግር የማይረገጡ ቦታዎችን አሳዩን። ቀጥሎ ካፒቴኑ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ «ዋና ትችላላችሁ?» ብለው ጠየቁ። በተቀላቀለ ጀልባ ላይ ይህ ጥያቄ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርብና እፍረት ያለበት ሰው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እህቴ ግን ስሟ ስለተጠራ «ከወንዝ ዳር ውሃ ከመቅዳት በቀር ውሃ አላውቅም» አለች፤ እኔም ተረጎምኩላቸው። ሳቁና የቀኑን ቅደም ተከተል በዚያው ቅጽበት ለወጡት።

በእነዚህ ደሴቶች ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ የሚበዛውን ጊዜ ከምሥራቅ ይነፍሳል። በሸራ ዘመን መርከቦች ከአውሮፓና ከአፍሪካ ዳርቻ ወደ ካሪቢያን የሚገፉት በዚሁ ነፋስ ነበር። ሴንት ጆን ከሴንት ቶማስ በስተምሥራቅ ስለምትገኝ ወደዚያ መሄድ ማለት ነፋስን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው፤ ሸራ ደግሞ በነፋሱ ዓይን ውስጥ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየጠመዘዙ መውጣት ያስፈልጋል። ካፒቴኑ ልጆቹ እንዲያዩት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ የቀረውን መንገድ በሞተር እያገዙ ወሰዱን። በሁለቱ ደሴቶች መካከል ያለው ፒልስበሪ ሳውንድ የሚባለው መተላለፊያ ሞገድ አያጣውም። የእህቴ ባል ስለ ጉዳዩ ብዙ አንብቦ ስለነበር የማቅለሽለሽ መከላከያውን ክኒን ከመሳፈራችን በፊት ለሁላችንም አድሎን ነበር፤ ክኒኑ የሚሠራው አስቀድሞ ሲወሰድ እንጂ ሆድ መገላበጥ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ዓይንን ከስልክ አንሥቶ ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ማሳረፍም ይረዳል።

መጀመሪያ የቆምነው በሴንት ጆን ሰሜን ምዕራብ ባለችው ሃኒሙን ቢች አጠገብ ነው። ውሃው ረጋ ያለ፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ ነው፤ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ነው። ስኖርክል ማድረግ በሩቁ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር፣ ከአፍ ወደ ላይ የሚወጣ የመተንፈሻ ቱቦ፣ እግር ላይ የሚጠለቅ ረጅም የጎማ ክንፍ፣ ሌላ ዕቃ የለውም። ችግሩ ሰውነት ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በአፍ መተንፈስን እንደ አደጋ መቁጠሩ ላይ ነው። ረዳቱ እህቴን የሚነፋ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አስለበሳት፤ መጀመሪያ በጀልባው ኋላ ባለው ደረጃ ላይ አስቀምጦ እግሯን ብቻ ውሃ ውስጥ አድርጋ በቱቦው እንድትተነፍስ አደረጋት፤ ቀጥሎ ፊቷን ብቻ፤ ቀጥሎ ደረጃውን በአንድ እጇ እንደያዘች ሙሉ ሰውነቷን። መነጽሩ ከፊት ጋር እንዲጣበቅ ከጠርዙ ሥር አንዲት የፀጉር ዘለላ እንኳ መግባት የለባትም፤ የሹሩባዋ ጫፍ ውሃ እያስገባ አስቸግሯት በሻሽ ጠቅልላ ነው የተገላገለችው። መስታወቱ በእንፋሎት እንዳይጋረድ ምራቅ ቀብቶ ማለቅለቅ የዱሮ ዘዴ ነው፤ የሕፃናት ሻምፑም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። በዚያው ዳርቻ ከእኛ በኋላ የደረሰ ትልቅ የጋራ ጀልባ ሰዎቹን አውርዶ፣ ፊሽካ ነፍቶ፣ ሰብስቦ ሲሄድ እኛ ገና እዚያው ነበርን። እህቴ ደረጃውን ለቅቃ የረዳቱን የመንሳፈፊያ ቀለበት እንደያዘች ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ስትንሳፈፍ፣ ባለቤቷ ከአጠገቧ ሆኖ «አይዞሽ» ይላታል። እሷ ግን ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለሆነ አትሰማውም። ቀና ስትል የተናገረችው ስለ ፍርሃቷ ሳይሆን ስለ ዓሦቹ ነበር፤ ቢጫና ጥቁር ጭረት ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ከበዋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ ቀጠልን። ትረንክ ቤይን በሩቁ አይተን አለፍናት። በፖስታ ካርድ ላይ የምትታየዋ ዳርቻ እሷ ናት፤ በውሃ ውስጥ ምልክት የተተከለበት የ225 ያርድ የስኖርክል መንገድም አላት፤ ነገር ግን በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች የሚመጡ ጎብኚዎች የሚጎርፉት ወደዚያው በመሆኑ ካፒቴኑ አልመከሩንም። የሴንት ጆን የሚበዛው ክፍል ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1956 የተቋቋመው አሜሪካዊው ባለጸጋ ሎረንስ ሮክፌለር ገዝተው በሰጡት ከ5,000 ኤከር በላይ መሬት ነው፤ በኋላም በዙሪያው ያለው ባሕር ተጨምሮበታል። ከሴንት ቶማስ ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታየዋል፤ እዚያ ኮረብታው በሆቴልና በቤት ተሸፍኗል፤ እዚህ ጫካው እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል።

በማሆ ቤይ ጀልባዋ መልሕቅ አልጣለችም፤ ፓርኩ ካስቀመጣቸው ተንሳፋፊ የማሰሪያ ኳሶች በአንዱ ላይ ታሰረች። መልሕቅና ሰንሰለቱ የባሕር ሣሩን እየነቀሉ ስለሚያጠፉት ነው እንዲህ የሚደረገው፤ ወደዚያ የመጣነውም በዚሁ ሣር ምክንያት ነው። አረንጓዴ የሚባለው የባሕር ኤሊ ካደገ በኋላ ዋና ምግቡ የባሕር ሣር ነው። ብዙም ሳንርቅ አንዱን አገኘነው፤ ከሥራችን በጥቂት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የእኛን መኖር ከቁም ነገር ሳይቆጥር ይግጣል። ሕጉም መልካም ጠባይም አንድ ናቸው፦ አይነኩት፣ አያሳድዱት፣ ወደ ላይ ሊተነፍስ ሲወጣ መንገዱን አይዝጉበት። ታናሹ ልጄ ኤሊው አፍንጫውን ከውሃው አውጥቶ ተንፍሶ ሲመለስ ከእሱ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ ቱቦውን ከአፉ ሳያወጣ የጮኸው ጩኸት እስከ ጀልባው ተሰምቷል።

ስለዚህ ሣር ካፒቴኑ የነገሩን ነገር ከሁሉ በላይ አስደነቀኝ። ኤሊው ከሚግጠው ሰፊ ቅጠል ካለው የአገሩ ሣር አጠገብ አጠር ያለ፣ ጥንድ ጥንድ ቅጠል ያለው ሌላ ሣር ምንጣፍ ሆኖ ተዘርግቷል። ይህኛው መጤ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ሃሎፊላ ስቲፑላሲያ ሲሆን የትውልድ ቦታው ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ዘለቀ፤ በ2002 ደግሞ ግሬናዳ ውስጥ ታየ፤ አትላንቲክን የተሻገረው በመዝናኛ ጀልባዎች ላይ ተጣብቆ ሳይሆን እንደማይቀር ይታመናል፤ ከዚያ ወዲህ ከደሴት ወደ ደሴት እየተዛመተ የአገሩን ሣር ቦታ ይነጥቃል። የእህቴ ባል በልጅነቱ ምጽዋ የኖረ ሰው ነው። «ታዲያ የኛ ሰፈር ሣር ነዋ!» ብሎ እንደገና መነጽሩን አጥልቆ ወረደ። ነገሩ በእርግጥ የሚያኮራ አይደለም፤ ቀይ ባሕር ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቻችሎ የሚኖር ተክል እዚህ ወራሪ ሆኗል።

የመጨረሻውና ጥልቁ ማረፊያችን በሊንስተር ቤይ ያለችው ዋተርለመን የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች። እዚህ በደሴቷ ዙሪያ ኮራል አለ፤ በውጭ በኩል ደግሞ የውሃው ፍሰት ስለሚበረታ ካፒቴኑ እህቴንና ታናሹን ልጅ በውስጠኛው ወገን ብቻ እንዲቆዩ አደረጉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕያው ነው፤ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት በኅብረት የሚገነቡት ቤት ነው፤ በእግር ክንፍ አንድ ጊዜ መምታት ብዙ ዓመት የፈጀ ዕድገት ሊሰብር ይችላል። ፓሮትፊሽ የሚባለው አረንጓዴና ሰማያዊ ዓሣ እንደ በቀቀን ምንቃር በጠነከሩ ጥርሶቹ ኮራሉን ሲፍቀው ድምፁ በውሃ ውስጥ ይሰማል፤ የበላውን ድንጋይ ፈጭቶ የሚያወጣው አሸዋ ሆኖ ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ፎቶ የሚነሣበት ነጭ አሸዋ በከፊል ከእሱ ሆድ የወጣ ነው ሲባል ልጆቼ ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ያየነው ሁሉ ጤነኛ ነበር ብል ግን አንባቢን ማታለል ነው። የሞተ፣ ግራጫ ሆኖ በአልጌ የተሸፈነ ኮራል ብዙ አለ። በ2014 ፍሎሪዳ ላይ የታየው የኮራልን ሥጋ ከአጥንቱ የሚገፍፍ በሽታ በ2019 ሴንት ቶማስ ደርሷል፤ አልጌውን እየበላ ኮራሉን የሚያጸዳው ባለ ረጅም እሾህ ጥቁር የባሕር እንስሳም ከ1983 ጀምሮ በነበረው እልቂት እጅግ ከመነመነ በኋላ ገና ሲያገግም በ2022 እንደገና አልቋል፤ የሁለተኛው እልቂት መጀመሪያ የታየው በሴንት ቶማስ ዙሪያ ነው። የውሃው መሞቅ በዚህ ሁሉ ላይ ይጨመራል። ጎብኚ ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ነው፤ ቢያንስ ግን ሕጉን ማክበር ይችላል። ከ2020 ጀምሮ በእነዚህ ደሴቶች ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉ ኬሚካሎች ያሉበትን የፀሐይ መከላከያ ቅባት መሸጥም መጠቀምም ክልክል ነው፤ ዚንክ ያለበትን ማዕድናዊ ቅባት ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። ለጠይም ቆዳ ነጭ ጭንብል ያስመስላል፤ ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ልብስ መልበስ ግን ከቅባት ሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ከሊንስተር ቤይ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የአናበርግ የስኳር ፋብሪካ ፍርስራሽ ይታያል፤ ክብ የድንጋይ ግንብ ሆኖ የቆመው የነፋስ ወፍጮው ነው። እዚያ የሠሩት ከአፍሪካ በግፍ የተጋዙ ሰዎች ናቸው። በ1733 በዚህችው በሴንት ጆን ላይ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ዐምፀው ደሴቲቱን የሚበዛውን ክፍል ለወራት ተቆጣጥረው ነበር። ብሪታንያ በ1834 ባርነትን የሚሽረው ሕጓ ሥራ ላይ ሲውል ዴንማርክ ገና ስላልሻረች፣ ማዶ የምትታየው ቶርቶላ ነፃ ምድር ሆነች፤ በባርነት የነበሩ ሰዎች ሌሊት ጀልባ እየሰረቁ ጠባቡን የባሕር መተላለፊያ ለመሻገር ይሞክሩ ነበር፤ በዴንማርኩ ወገን ነፃነት የታወጀው በ1848 ነው። ካፒቴኑ ይህን ሲነግሩን ከተሳፈርን ጀምሮ ረጅሙን ንግግራቸውን ነው ያደረጉት፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከዚያው ሕዝብ ናቸውና። ትልቋ ልጄ ርቀቱን በዓይኗ ለክታ «ይሄማ ቅርብ ነው» አለች፤ «ለሚያሳድድሽም ቅርብ ነው» አሏት።

ስለ ምግቡ አጭር ልበል። ዐቢይ ጾም ስለነበር ጀልባዋን ስንከራይ ሥጋም ወተትም ቅቤም የሌለበት ምሳ እንደምንፈልግ አስቀድመን ጽፈን ነበር፤ የጥቁር ባቄላ ሰላጣ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሙዝና ማንጎ ቀረበልን። ለልጆቹ የተዘጋጀው ዓሣ ሲመጣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የታወቀ ክርክር ባሕር ላይም ተከትሎን መጣ፤ እንደ ሁልጊዜውም ሳይፈታ ቀረ። እንዲህ ያለ ፍላጎት ያለው ሰው ቀድሞ መናገር እንጂ ተሳፍሮ መጠየቅ አይጠቅመውም፤ ባሕር መሐል ሱቅ የለም።

ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ ነው። ሞተሩ ጠፋ፣ ሸራዎቹ ተዘረጉ፣ ጠዋት ያንገላታን ያው መተላለፊያ አሁን ወደፊት የሚገፋን ሆነ። ወደብ ስንደርስ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ለካፒቴኑና ለረዳቱ የሚሰጠው ጉርሻ ከኪራዩ ከ15 እስከ 20 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ከዋጋው ላይ ስለማይጻፍ በጀት ሲያዝ መረሳት የለበትም።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ድረስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በፈረንጆቹ ገና ዙሪያ ነፋሱም ይበረታል፤ በእነዚሁ ወራት ከሰሜን የሚመጣ ሞገድ ደግሞ እኛ የዋልንበትን ሰሜናዊ ዳርቻ አንዳንድ ቀን የማይቻል ያደርገዋል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ጀልባዎች ወደ ደቡቡ ዳርቻ ይሄዳሉ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ያለው የአውሎ ነፋስ ወራት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በ2017 መስከረም ላይ ኢርማና ማሪያ የተባሉት አውሎ ነፋሶች በሁለት ሳምንት ልዩነት እነዚህን ደሴቶች እንዴት እንዳደረጓቸው የሚያስታውስ ሰው በርካሽነቱ ብቻ አይወስንም። በየትኛውም ወቅት ቢሆን ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ የአየሩ ጠባይ ቢበላሽ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይለወጣል፤ የሚቆምባቸውን ቦታዎች የሚወስነው አስቀድሞ የታተመ ዝርዝር ነው ወይስ በዚያ ጠዋት ባሕሩን ያየው ካፒቴን።